በገና ደርዳሪውን እናውቃለን፤ ሠሪውንስ?



ኀምሳ አምስቱ የዐቢይ ጾም ዕለታት ተፈጽመዋል። በእነዚያ ዕለታት በቤተ ክርስቲያን ከበሮና ጸናጽል ዐርፈው ሊቃውንቱ በመቋሚያ ጾመ ድጓውን ሲያደርሱ፣ በየምእመናኑ ቤት ደግሞ ይሰማ የነበረው በገና ነው። ድምፁ ወፍራምና ዝግ ያለ፣ የሚያባባ እንጂ የማያስጨፍር በመሆኑ ሰው ስለ ሞቱና ስለ ንስሓው እንዲያስብ ያደርገዋል። የትንሣኤው ብሥራት በታወጀበት ሌሊት ከበሮው ከተቀመጠበት ተነሥቷል፤ በገናው ግን ወደ ግድግዳው ተመልሷል። ተሰቅሎ ዝም ባለበት በዚህ ሰዓት አንድ ጥያቄ ልናነሣበት ወደድን። ስመ ጥር ደርዳሪዎችን በስማቸው እናውቃቸዋለን፤ ድምፃቸውንም በሬዲዮና በካሴት ስንሰማ ኖረናል። ያንን መሣሪያ ከግንድ ፈልፍሎ፣ ቆዳ አልብሶ፣ አውታሩን ከበግ አንጀት ያከረረውን ሰው ግን ማን ብለን እንጠራዋለን?

በስሙ የተጠራ ባለ እጅ

ቅዱሳት መጻሕፍት የባለሙያን ስም አይሸሽጉም። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 31 እንደ ተጻፈው፣ እግዚአብሔር የምስክሩን ድንኳንና ንዋያቱን ለማሠራት በፈቀደ ጊዜ ባስልኤልን በስሙ ጠርቶታል፤ መንፈሱንም ሞልቶበታል። መንፈስ እግዚአብሔር ሞላበት የተባለለት ይህ ሰው ወርቅና ናስ የሚሠራ፣ ዕንቍ የሚቀርጽ፣ እንጨት የሚጠርብ ባለ እጅ ነበር። ረዳቱ ኤልያብም እንዲሁ ከነስሙ ተጽፏል።

ወደ በገና ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ይጎላል። በመጽሐፈ ነገሥት የንግሥተ ሳባ ጉዞ በተተረከበት በዚያው ምዕራፍ፣ ጠቢቡ ሰሎሞን በመርከብ ከመጣለት ምርጥ እንጨት ለመዘምራን መሰንቆና በገና እንዳሠራ ተነግሯል። ታሪክ ጸሓፊው የንግሥቲቱን ስጦታና የንጉሡን ጥበብ ሲዘረዝር ስለ መሣሪያው እንጨት መናገርን አልናቀም። ከዚህም በላይ በእኛ መጽሐፈ መዝሙር መጨረሻ ላይ የሚገኘው 151ኛው መዝሙር፣ ልበ አምላክ ዳዊት ገና የአባቱን በጎች ይጠብቅ በነበረበት ዘመን የዜማ መሣሪያውን በገዛ እጁ እንደ ሠራ ይመሰክራል። እንግዲህ የበገና ደርዳሪዎች ሁሉ አባት የምንለው ዳዊት አስቀድሞ በገና ሠሪ ነበር ማለት ነው። ሥዕሉን ስንስል ሲደረድር እንጂ ሲጠርብ አልሣልነውም።

ጎንደርና ክሬሞና

በአባቶች ትውፊት በገና ከቀዳማዊ ምኒልክ ጋር ከኢየሩሳሌም እንደ መጣ ይነገራል። ንጉሥ ዳዊት በገናውን ይዞ የሚታይባቸው የብራና ሥዕሎችም ከ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ይገኛሉ። የጎንደርና የሰሜን ምድር ደግሞ በዜማ ታሪክ ውስጥ ልዩ ስፍራ አለው። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአክሱም የተነሣው ማኅሌታይ ቅዱስ ያሬድ ግዕዝን፣ ዕዝልንና አራራይን ከደረሰ በኋላ ዓለማዊውን ክብር ትቶ ወደ ሰሜን ተራሮች እንደ ሄደና በዚያ ሲያስተምር እንደ ኖረ በቤተ ክርስቲያናችን ይተረካል። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ከቆረቆሩ ወዲህ ከተማይቱ የነገሥታት መናገሻ ብቻ ሳትሆን የሊቃውንት መፍለቂያም ሆናለች፤ ጎንደር በአታ የአቋቋም ምስክር የሚገኝበት ደብር መሆኑ የታወቀ ነው።

ከጎንደር ነገሥታት መካከል ከ1708 እስከ 1713 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዳዊት ሣልሳዊ ለዜማ በነበራቸው ፍቅር ይታወሳሉ። በፋሲል ግቢ ውስጥ ያሠሩት የዜማ አዳራሽ ከሌሎቹ አብያተ መንግሥት ጋር የሚጎበኝ ሲሆን፣ ግቢው በ1979 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል። እንግዲህ የዚያን አዳራሽ ግንበኞች፣ የዚያን ዘመን ዜመኞችና መሣሪያ ሠሪዎች እናስብ።

ዐፄ ዳዊት በነገሡበት በዚያው በ1716 እ.ኤ.አ. በኢጣልያ፣ ክሬሞና በምትባል ከተማ አንቶኒዮ ስትራዲቫሪ የሚባል ባለሙያ አንድ ቫዮሊን ሠርቶ ነበር። ይህ ቫዮሊን ዛሬ በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ ከተማ በአሽሞሊያን ሙዚየም ይገኛል። ለረጅም ዘመን በወሬ ይነገርለት እንጂ በዐይን አይታይም ነበርና «መሲሕ» የሚል ቅጽል ስም ወጥቶለታል። በሆዱ ውስጥ በተለጠፈችው ቁራጭ ወረቀት ላይ የሠሪው ስም፣ የከተማውና የተሠራበት ዓመት በላቲን ቋንቋ ሰፍረዋል። ከሦስት መቶ ዓመታት በኋላ ዓለም ያን ባለሙያ በስሙ የሚጠራው እጀ ብልህ ስለ ነበር ብቻ አይደለም፤ ስሙን በሥራው ውስጥ ስላስቀመጠም ጭምር ነው።

በዚያው ዓመት በጎንደር መኳንንትና ካህናት ቤት የተደረደሩትን በገናዎች ማን ሠራቸው? ስሙ አልተጻፈም። በእኛ ዘንድ በገና የነገሥታትና የመሳፍንት፣ የካህናትና የወይዛዝርት የጸሎት መሣሪያ ነበር። የሰሜን መሳፍንት ተወላጅ የነበሩት እቴጌ ጣይቱ ብጡል በገና ይደረድሩ እንደ ነበር ታሪክ ያስታውሳል። የደርዳሪዋ ስም ሲወሳ የመሣሪያው ሠሪ ስም ግን የለም።

እንጨት፣ ቆዳና አንጀት

የሠሪውን ድካም ለማወቅ መሣሪያውን ከሥሩ ማየት ይገባል። በገና ቁመቱ አንድ ሜትር ያህል፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ የሚበልጥ ነው። ከላይ አግድም የተጋደመው እንጨት ቀንበር፣ በቀኝና በግራ ቀንበሩን የተሸከሙት ሁለቱ ምሰሶዎች፣ ከታች ድምፁ የሚያስተጋባበት ሣጥን ገበቴ፣ በገበቴው ላይ ተቀምጦ አውታሮቹን የሚያነሣው ደግሞ በርኩማ ይባላል። መምህራን ሲያመሠጥሩት ዐሥሩን አውታር በዐሥርቱ ትእዛዛት፣ ቀንበሩን በልዑል እግዚአብሔር፣ ሁለቱን ምሰሶዎች በሊቃነ መላእክት በቅዱስ ሚካኤልና በቅዱስ ገብርኤል ወይም በብሉይና በሐዲስ፣ ገበቴውን በእመቤታችን ይመስሉታል። ይህ ትርጓሜ ለደርዳሪው የተመስጦ ምንጭ ሲሆን ለሠሪው ደግሞ ከባድ አደራ ነው፤ በዚህ ሁሉ ምሥጢር የሚተረጎመውን ዕቃ በግዴለሽነት ሊሠራው አይችልምና።

ሥራው የሚጀምረው ዛፍ ከመምረጥ ነው። ለገበቴው ብዙ ጊዜ ዋንዛን የመሰለ፣ ለመፈልፈል የሚመችና በቀላሉ የማይሰነጠቅ እንጨት ይፈለጋል። ዋንዛ በደምቢያና በመሰሉት ወይና ደጋ ስፍራዎች ይበቅላል፤ ወደ ወገራ፣ ወደ ዳባትና ወደ ደባርቅ ሲወጣ ግን አገሩ የጥድና የወይራ ነው። ዛሬ በእነዚህ ደጋዎች የአገር በቀል ዛፍ የሚታየው በአብዛኛው በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ሲሆን፣ ሌላውን ስፍራ ባሕር ዛፍ ይዞታል። ባሕር ዛፍ ቶሎ ያድጋል፤ ነገር ግን ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃልም። ስለዚህ የበገና ነገር ከደን ነገር ተለይቶ አይታይም። ዋንዛ የሚተክል ሰው የልጅ ልጁን በገና ተከለ ብንል ማጋነን አይሆንም።

እንጨቱ ተቆርጦ ወዲያው አይጠረብም። እርጥበቱ ቀስ ብሎ እስኪወጣ ድረስ በጥላ ይቆያል፤ ተቻኩለው የጠረቡት ገበቴ በበጋ ይሰነጠቃል። ከዚያ በኋላ ሠሪው በመጥረቢያና በመሮ እየፈለፈለ ውስጡን ያቀላል። ግድግዳው ከወፈረ ድምፁ ይታፈናል፤ ከሳሳ ደግሞ የዐሥሩን አውታር ውጥረት አይችልም። ልኩን የሚነግረው መሣሪያ የለም፤ በጣቱ እያንኳኳ በጆሮው ይለካዋል እንጂ።

ቀጥሎ የቆዳው ሥራ ይመጣል። ቆዳው ተዘፍዝፎ፣ ጸጉሩ ተፍቆ፣ ገና እርጥብ ሳለ በገበቴው ላይ ይለበሳል፤ በጠፍርም እየተወጠረ ይሰፋል። ሲደርቅ ራሱ ተወጥሮ እንደ ከበሮ ይጠብቃል። ብራና የሚያዘጋጁ የደጋው ደብተሮች የሚያውቁት ጥበብ እዚህ ላይ ከጠራቢው ጥበብ ጋር ይገናኛል። ዳዊት የሚጻፍበትም ሆነ ዳዊት የሚዘመርበት ከአንድ በረት የወጣ ቆዳ ነው።

ከሁሉ የሚረቀው ግን አውታሩ ነው። የበገና አውታር በጥንቱ ሥርዓት ከበግ አንጀት ይሠራል። አንጀቱ ከታረደው በግ እንደ ወጣ፣ ሳይደርቅ ባዶ ተደርጎ ይታጠባል፤ ስቡና ልጣጩ ይፋቃል፤ ከዚያም እየተከረረ ተወጥሮ ይደርቃል። ወፍራሙ ለዝቅተኛው ድምፅ፣ ቀጭኑ ለከፍተኛው ይሆናል። የደረቀው አውታር በቀንበሩ ላይ ተጠምጥሞ መቃኛ በሚባሉ ትንንሽ እንጨቶች እየተጠመዘዘ በትዝታ ወይም በአንቺ ሆዬ ይቃኛል።

በመጨረሻም እንዚራ የሚባሉት ትንንሽ የቆዳ ቁራጮች በእያንዳንዱ አውታርና በበርኩማው መካከል ይገባሉ። በገናን በገና የሚያሰኘው ያ የሚነዝር፣ የሚያጉረመርም ድምፅ የሚወጣው ከእነዚህ ነው። ቁራጯ በጥቂቱ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ካለች ንዝረቱ ይጠፋል፤ አውታሩም እንደ ማንኛውም ክር ይጮኻል። የቫዮሊን ሠሪ በመሣሪያው ውስጥ አንዳች የሚነዝር ነገር ከሰማ ጉድለት ነው ብሎ ይፈታዋል፤ የእኛ ባለሙያ ግን ያንኑ ንዝረት ፈልጎ፣ ደክሞ፣ ለዐሥሩም አውታር ለየብቻው ያገኘዋል። የእነዚህን ቁራጮች ምሥጢር ለማወቅ የውጭ አገር ተመራማሪዎች ሳይቀሩ ደክመዋል። አሜሪካዊቷ ሲንቲያ ኪምበርሊን በ1978 እ.ኤ.አ. ስለ በገና ጥናት አሳትመዋል፤ ቤልጅየማዊቷ ስቴፋኒ ዌይሰርም በገናን የምርምራቸው ማእከል አድርገውታል።

ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው በዚህ ሙያ ብቻ መኖር ይከብደዋል። አንድ ቤተ ሰብ በገና ከገዛ ለዕድሜ ልኩ ነው፤ ገዢም የሚፈልገው ጾሙ ሲቃረብ ነው። ስለዚህ ሠሪው በቀረው ወራት ከበሮ ይለብጣል፣ መቋሚያ ይጠርባል፣ አትሮንስ ይሠራል፣ ያርሳልም። በጎንደር ዙሪያ የሚኖሩ አዝማሪዎች በአንጻሩ መሰንቋቸውን ብዙ ጊዜ ራሳቸው ይሠሩታል። አንድ አውታርና አንድ ደጋን ያለው፣ በፈረስ ጭራ የሚፈገፈገውና ሙጫ የሚቀባው መሰንቆ ከመሣሪያዎቻችን ሁሉ ለቫዮሊን የቅርብ ዘመድ ነው። አዝማሪው ሲሰበርበት ይጠግነዋል። የበገና ደርዳሪ ግን በሌላው እጅ ላይ የተመካ ነው፤ ሠሪው ሲጠፋ ደርዳሪውም አብሮ ይጠፋል።

ጠቢብ «ጠይብ» ሲባል

ስሙ ሳይጻፍ የቀረበት ምክንያት የወረቀት እጥረት አይደለም። አገራችን የእጅ ሥራን እየፈለገች ሠሪውን ስትንቅ ኖራለች። «ጠይብ» የሚለው ስድብ የተገኘው «ጠቢብ» ከሚለው የክብር ቃል መሆኑን ልብ ላለ ሰው፣ ነገሩ ያሳዝናል። ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸክላ የምትሠራው፣ ቆዳ የሚፍቀው፣ ልብስ የሚሸምነው ሁሉ ሥራው በቤታችን ሲከበር ራሱ ከማኅበራችን ሲገለል ቆይቷል። ከጎንደር ከተማ ወጣ ብላ በምትገኘው በወለቃ የኖሩት ቤተ እስራኤላውያን የብረት፣ የሸክላና የሽመና ሥራቸው ስመ ጥር ነበር። ብዙዎቹ የክልሉ ቤተ እስራኤላውያን በ1984 እና በ1985 እ.ኤ.አ.፣ በኋላም በግንቦት 1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ሲሄዱ እጃቸውም አብሮ ሄደ። በቅርብ ሳሉ ያልተከበሩት ባለሙያዎች ከሄዱ በኋላ ጎደሉብን።

በባስልኤል ላይ መንፈሱን የሞላ አምላክ የምናመልክ ሰዎች ይህን ልማድ በሃይማኖት ስም ልንጠብቀው አይገባም። ጌታችን ራሱ በናዝሬት የጠራቢ ልጅ ተብሎ ተጠርቷልና።

የተቋረጠው ሰንሰለት

ሰንሰለቱ በአንድ ትውልድ ዘመን ሊበጠስ እንደሚችል በዐይናችን አይተናል። አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል በአዲስ አበባ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና ያስተማሩ ታላቅ መምህር ነበሩ። በእንጦጦ አካባቢ በ1950 እ.ኤ.አ. የተወለዱት መምህር ዓለሙ አጋ በ12 ዓመታቸው አለቃ ተሰማ ጎረቤት ሆነው በመምጣታቸው ነበር በገናን የተማሩት። በኋላም መምህራቸውን ተከትለው ከ1972 እስከ 1980 እ.ኤ.አ. በዚያው ትምህርት ቤት አስተምረዋል። በዘመነ ደርግ መንፈሳዊ ዜማ ከአደባባይና ከብዙኃን መገናኛ ሲርቅ የበገናም ድምፅ ቀዘቀዘ። በ1980ዎቹ ዓ.ም. ነገሩ ተለወጠ፤ የመምህር ዓለሙ ድምፅ ታትሞ ወደ ውጭው ዓለም ደረሰ፣ በየሰንበት ትምህርት ቤቱም ወጣቶች በገና መማር ጀመሩ።

ይህ ትልቅ ደስታ ነው። ነገር ግን ተማሪ ሲበዛ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ መሣሪያ ሲፈለግ ደግሞ ጥድፊያ ይመጣል። ከግንድ ከሚፈለፈለው ገበቴ ይልቅ በሚስማር የተጋጠመ ጣውላ፣ ከበግ አንጀት ይልቅ የናይለን ክር መጠቀም ተለመደ። ናይለን አይበላሽም፣ በቀላሉም ይገኛል፤ በዝናብ ወራት እንደ አንጀት አይላላም። የሚጠቀመውን አንኮንነውም። ነገር ግን በእንዚራው ላይ ሲያርፍ የሚሰጠው ንዝረት የአንጀቱን ያህል አይሆንም፤ የአንጀት አውታር የሚያከርረው ሰው ሥራ ካጣ ደግሞ ለልጁ የሚያወርሰው ነገር የለውም።

የፈረንጆቹ ታሪክ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። በአውሮፓም ቫዮሊን ሲገንን የቀድሞዎቹ ባለ አንጀት አውታር መሣሪያዎች፣ ቪዮላ ዳ ጋምባና ሉት የሚባሉት፣ ተረስተው በየሙዚየሙ ተቀምጠው ነበር። እስከ 1940 እ.ኤ.አ. የኖረው አርኖልድ ዶልሜች የተባለ ባለሙያ ዕድሜውን ሙሉ እነዚያን አሮጌ መሣሪያዎች እየፈታ፣ እየጠገነ፣ እየቀዳ ሲሠራ ኖረ። በ1893 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ሉት ሠራ፤ በኋላም በእንግሊዝ አገር በሄዝልሚር ከተማ የሥራ ቤት አቋቁሞ ልጆቹን አስተማረ። ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፈው ትምህርት ተቋርጦ ስለ ነበር ጥበቡን ከሙታን ዕቃ መልቀም ግድ ሆኖበታል። እኛ እስከዚያ አልደረስንም። የእኛ ሰንሰለት ሳስቷል እንጂ አልተበጠሰም፤ ጠያቂ ካገኘ የሚያሳይ ሽማግሌ ዛሬም አለ።

የበዓሉ በግ

እንግዲህ ምእመናን ምን እናድርግ? የምንጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም።

አንደኛ፣ ዛሬ በየቤታችን በግ ይታረዳል። የአንድ በግ ቀጭን አንጀት ከሃያ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ በብዙዎቻችን ቤት ግን ከፈርሱ ጋር ይጣላል። በአካባቢያችሁ በገና የሚሠራ ወይም የሚያስተምር ሰው ካለ፣ ከማረዳችሁ በፊት ላኩበት። አንጀቱ በትኩሱ ካልታጠበ ስለማይጠቅም ነገ አይደርስለትም። ለእኛ የሚጣል ነገር ለእርሱ የዐሥሩ ትእዛዛት ምሳሌ የሚሆኑት አውታሮች ናቸው።

ሁለተኛ፣ ከአያት የተወረሰ አሮጌ በገና በቤቱ ያለ ሰው አይጣለው፤ በሚስማርም አይጠግነው። የገበቴውን ግድግዳ ውፍረት፣ የስፌቱን አካሄድ፣ የበርኩማውን ቅርጽ ለሚማር ወጣት ያሳየው። የተሰበረ በገና ለደርዳሪ አይጠቅምም፤ ለሠሪ ግን መጽሐፍ ነው።

ሦስተኛ፣ አዲስ በገና የምታሠሩ ሁሉ ሠሪውን ስሙን፣ አገሩንና ዓመተ ምሕረቱን በገበቴው ላይ እንዲጽፍ ጠይቁት። በትሕትና እንቢ ቢል እናንተ ጻፉለት። የብራና ጸሓፊዎቻችን በመጽሐፉ መጨረሻ ስማቸውን ጽፈው ጸልዩልኝ እያሉ ሲለምኑ ኖረዋል፤ ይህ ትዕቢት ተብሎ አያውቅም። የበገና ሠሪም በጸሎት ሊታሰብ ይገባዋል።

በሚመጣው ዐቢይ ጾም በገናው ከግድግዳው ሲወርድ፣ ሕፃናቱ «ይህን ማን ሠራው?» ብለው ቢጠይቁ የምንመልስላቸው ስም ይኑረን። ባስልኤልን በስሙ የጠራ አምላክ የእጃችንን ሥራ ያቅናልን። የትንሣኤው ብርሃን በቤታችሁ ይብራ። መልካም በዓል።